ሸገርን ጅዳ ላይ ሆነን ስንሰማ

ጅዳና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ዱባይ ያለች እህት አገር ቤት ልትደውል ስትል አንድ ሰዓት ትቀንሳለች፤ እኛ ጅዳና መካ ያለነው የምንቀንሰውም የምንደምረውም የለም። እናቴ ወልድያ ላይ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆነ» ብላ ሬዲዮ ስትከፍት እኔም ጋ አንድ ሰዓት ነው። ማዳም «ሰባት» ትለዋለች እንጂ ፀሐይዋ ያችው ናት። በመጀመሪያ ኮንትራቴ ጊዜ ያገለገልኳቸው አሮጊት፣ የማዳም እናት፣ የእጅ ሰዓቴን አይተው ሳቁ። እንደ አገር ቤት አድርጌ ነበር የሞላሁት። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚቆጥረው» አሉኝ። እኔ እንደ ቀልድ አልፌው ነበር፤ በኋላ ሳጣራ እውነታቸውን ነው። በድሮው ሂጃዝ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ላይ ይደረግ ነበር፤ ከመግሪብ በኋላ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «አንድ» ይባላል። ሳዑዲ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ስትቆጥር ኖራለች። እኛ የቀረን ከነሱ የጠፋው ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሬዲዮ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ሬዲዮ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ዜና በዚህ ሰዓት፣ ዘፈን በዚያ ሰዓት። ደግሞ ሬዲዮ ለቤት ሠራተኛ የተፈጠረ ነገር ይመስለኛል። ቴሌቪዥን ዓይን ይፈልጋል፣ ጋዜጣ እጅ ይፈልጋል። ሬዲዮ የሚፈልገው ጆሮ ብቻ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ሰሐን ሲታጠብም ልብስ ሲተኮስም ሥራ አይፈታም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ከተማ ኤፍ ኤም፣ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ማለፍ የማይችል ማሠራጫ፣ እንዴት ብሎ የጅዳ ኩሽና ሬዲዮ ሆነ? መልሱን «በኢንተርኔት» ብሎ መጨረስ ይቻላል። ግን ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ነው፤ ከፊሉም የተፈጸመው እዚሁ እኛ ባለንበት ከተማ ነው።

የሳዑዲ ሬዲዮ የተወለደው ጅዳ ነው። ቀኑም የአረፋ ቀን ነበር፤ ዙልሒጃ 9 ቀን 1368 ሒጅራ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1942 ዓ.ም.። ያኔ የሂጃዝ እንደራሴ የነበሩት ልዑል ፈይሰል የአባታቸውን የንጉሥ አብዱልአዚዝን ቃል ለሐጃጆች አሰሙ። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ሬዲዮው ገና አፉን ሲፈታ ያናገረው የቤቱን ሰው አልነበረም፣ ከየአገሩ የመጣውን መንገደኛ ነበር። ስርጭቱ መጀመሪያ አጭር ነበር፣ ቁርኣንና ዜና፤ ዘፈን እየቆየ ነው የገባው። ሲገባ ግን የሂጃዝን ቤት ሁሉ ገባ። መካ የተወለደው ጠላል መዳህ በዚህ ሬዲዮ ነው የታወቀው። ከጣኢፍ የመጣችው ዓይነ ስውሯ ኢብቲሳም ሉጥፊም ከሠርግ ቤት ተነሥታ በጅዳ ሬዲዮ የዘፈነች ናት። አሮጊቷ፣ ያችው የማዳም እናት፣ የኢብቲሳምን ዘፈን ሲሰሙ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ቀስ ብለው ያጨበጭቡ ነበር። ሌላ ጊዜ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

ከሬዲዮም በፊት የዚህ አገር ድምፅ ተቀድቷል። ስኑክ ሁርግሮንዬ የሚባል የሆላንድ ምሁር በ1885 እ.ኤ.አ. መካ ገብቶ ወራት ቆይቶ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1906 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ በጅዳ የሆላንድ ቆንስላ በኩል የሰዎችን ድምፅ በሰም ጥቅል ላይ አስቀዳ። ጥቅሎቹ ዛሬ ሆላንድ ውስጥ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ይኸው ሰውዬ ስለ መካ በጻፈው መጽሐፉ በየቤቱ ስለነበሩት የሐበሻ ሴቶች ያወራል። እነዚያ እህቶቻችን የመጡት በኮንትራት አይደለም፤ ተሸጠው ነው። ሳዑዲ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ 1955 ዓ.ም.። እሱን ዓመት በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ልሻገር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተጀመረው ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ወረራው አቋረጠው፣ ነፃነት ሲመለስ እሱም ተመለሰ። ከመጀመሪያዎቹ ድምፆች አንዷ ሮማነወርቅ ካሳሁን ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ጋዜጠኛ እየተባለች የምትነሣው እሷ ናት። ሴት በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገሯ ራሱ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን፣ ወሬ ነጋሪዋ ሴት መሆኗን አስቡት። ከዚያ በኋላ የሬዲዮ ነገር ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ።

በዚያው በ1955 ዓ.ም.፣ ሳዑዲ ባርነትን በከለከለችበት ዓመት፣ የካቲት 19 ቀን አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቆመው ነው። በአማርኛ ብቻ አልነበረም የሚያሠራጨው፣ ዐረብኛና ስዋሂሊን የመሳሰሉ ሌሎች ቋንቋዎችም ነበሩት፤ ማሠራጫውም አጭር ሞገድ ስለነበር ሩቅ ይሄዳል። የመንግሥት ባልሆነ ጣቢያ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኞች ሙያ የተማሩበት ትልቁ ቤት እሱ ነበር። ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥ የግል የሚባል ሬዲዮ ለሠላሳ ዓመት ያህል አልነበረም።

አጭር ሞገድ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ወጣቶች ላስረዳ፣ አሁን ሁሉም ስልክ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ መብራት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል፣ የምድር ክብነት ሲመጣ ደግሞ ወደ ሰማይ ያመልጣል። አጭር ሞገድ ግን ላይ ካለው የአየር ንብርብር ጋር ተላትሞ ይመለሳል፣ እንደገና ከምድር ተላትሞ ይነሣል፤ እየነጠረ ባሕር ይሻገራል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአጭር ሞገድ ይህ ምንም አይደለም። ለዚህ ነው በድሮ ጊዜ ጅዳ የነበሩ ሐበሾች ትንሽ ሬዲዮ ጣሪያ ላይ ይዘው ወጥተው፣ ሽቦ አስረው፣ ቁልፉን በስሱ እያዞሩ የሚፈልጉት። ከጀርመን የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአሜሪካ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ መንገድ ነበር የሚደርሳቸው። የአገራችንን ወሬ የምንሰማው ከሦስተኛ አገር ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ ጎረቤትሽ ስለ እናትሽ ቤት በሌላ ሰፈር በኩል እንደምትልክብሽ ወሬ።

የዘፈኑ መንገድ ግን ካሴት ነበር። ቀድመውን የመጡ ታላላቆቻችን ሲያወሩ እንደምሰማው፣ ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ባዶ ካሴት ይሰጡታል፤ ሲመለስ በአንደኛው ገጽ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ የቤተሰብ ድምፅ ተቀድቶበት ይመጣል። እናት ትጀምራለች፣ አባት ይቀጥላል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ መጨረሻ ላይ ዶሮ ይጮኻል። ደብዳቤ መጻፍ ለማይችል ሰው ካሴት ደብዳቤው ነበር። በለድ ውስጥ ባብ ሸሪፍ ገበያ ባትሪና ቴፕ የገዛችው ሴት ያንን ካሴት ሪባኑ እስኪበላሽ ትሰማዋለች።

ሸገር ላይ ደረስን።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ጋዜጣ በየመንገዱ ፈላ። ሬዲዮ ግን እንደ ጋዜጣ አልቀለለም፤ የብሮድካስት አዋጁ ቁጥር 178 በ1991 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ለግል ድርጅት የንግድ ሬዲዮ ፈቃድ የተሰጠው ከሰባት ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን ያገኙት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ዛሚ የሆነው፣ ሌላው ሸገር የሆነው። ሸገር 102.1 አየር ላይ የወጣው አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲያከብር በነበረበት በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ቀድማ በሬዲዮ የታወቀችው መዓዛ ብሩና ተዋናዩ አበበ ባልቻ አሉበት። አበበን ብዙዎቻችን «አስናቀ» ብለን ነው የምንጠራው፤ «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ ያደረገው ነገር እስካሁን አልለቀቀንም።

«ሸገር» የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ አዲስ አበባን የማውቃት ሁለት ሌሊት ነው። አንዱን መርካቶ አንድ ዘመዴ ቤት፣ ሌላውን ቦሌ አካባቢ ከኤጀንሲ ሴቶች ጋር ለበረራ ስንጠብቅ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሴቶችም እንደዚያው ነበሩ፤ አንዷ ከከሚሴ፣ አንዷ ከጅማ፣ ሁለቱ ከአርሲ። አዲስ አበባ ለእኛ የመውጫ በር ናት፤ በር ላይ ደግሞ ማንም አይቀመጥም። ታዲያ ጅዳ ከመጣሁ በኋላ ነው የአዲስ አበባን ሰፈሮች የለመድኩት፣ በሬዲዮ። በአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞች ላይ ጠዋት ጠዋት የመንገድ ወሬ አለ፤ መገናኛ ተጨናንቋል፣ ሜክሲኮ ላይ ይሄኛው መስመር ተዘግቷል፣ ሳሪስ ላይ መኪና ተበላሽቷል ይላል። እኔ እዚህ ቁርስ እየጠበስኩ «ዛሬም ሜክሲኮ ተዘጋ?» እላለሁ። ሜክሲኮን አንድም ቀን በእግሬ ረግጫት አላውቅም። ሳቁብኝ፣ ግን እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። የወልድያንማ ወሬ እናቴ ትነግረኛለች፤ ደሴም የራሷ ኤፍ ኤም አላት። የሸገር ጥቅሙ ሌላ ነው። የማላውቀው ከተማ፣ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ግን በእኔ ቋንቋ ሲያወሩ፤ እንደ ትልቅ ሰፈር ጎረቤት። ጅዳ ላይ የምኖረው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ ከሰዎቹ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ ወሬያቸው የእኔ አይደለም።

ከሸገር ዝግጅቶች ሁሉ እዚህ ብዙ ሰሚ ያለው ይመስለኛል መዓዛ ብሩ የምታዘጋጀው «የጨዋታ እንግዳ» ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ትጋብዛለች፤ ሐኪም፣ ሙዚቀኛ፣ የጦር መኮንን፣ ምሁር፣ ነጋዴ። ከዚያ አትቸኩልም። የት ተወለድክ፣ እናትህ ምን አይነት ሰው ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር። እንግዳው ወደ ትልቁ ሥራው ለመድረስ ሲጣደፍ እሷ መልሳ ወደ ልጅነቱ ትጎትተዋለች። አንዱ እንግዳ በአንድ ሳምንት አያልቅም፤ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያለ ይሄዳል። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ዛሬ ፖድካስት ይሉታል። እኛ ዘንድ ስሙ ጨዋታ ነው፤ አማርኛ ለወሬና ለመጫወት አንድ ቃል መስጠቱ ደስ ይለኛል። እንግዳ ቤት ሲመጣ «ቁጭ በል፣ ተጫወት» ነው የምንለው፤ ተናገር ማለታችን ነው።

የእሸቴ አሰፋ «መቆያ»ም አለ፤ የዓለምን ታሪክ፣ የሰላዩን፣ የንጉሡን፣ የጦርነቱን እየተረከ የሚያስቀምጠን። እኔ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማውቀው ሁሉ ካውያ ይዤ የተማርኩት ነው። አንዷ ጓደኛዬ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ አሁን ስለ ናፖሊዮን የአሠሪዋን ልጅ ስታስተካክለው ልጁ «ማን ነገረሽ?» ብሏት አስቃናለች። ዘፈን ለምትወድ ደግሞ «ለዛ» አለ፤ ብርሃኑ ድጋፌ የሚያዘጋጀው፣ በየዓመቱ አድማጮች የሚመርጡበት ሽልማት ያለው።

ስለ ዘፈን ካነሣሁ አይቀር። ከመጣነው ብዙዎቻችን የወሎ ልጆች ነን። አራቱ ቅኝቶች የሚባሉት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ የሰፈራችን ስም ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ትልቁ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ አምባሰል ተራራ ነው። ሬዲዮው «ቀጥሎ በባቲ ቅኝት» ሲል ሙዚቀኛው ስለ ዜማ ነው የሚያስበው፤ የባቲ ልጅ ግን ገበያውን፣ ግመሎቹን፣ ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ ጨው ታያለች። መካ አብራን የምትሠራ አንዲት እህት ይህን ስትሰማ ስልኩን ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አንሥታ ጡቷ ላይ ታደርገዋለች። እሷ ራሷ በረመዳን የምትሰማው መንዙማ ነው፤ ያም ከወሎ ነው የመጣው። የአካባቢዋ መስጊድ ኢማም ዘፈን አይወድም ብላ ትፈራለች፤ ባቲ ሲመጣ ግን «ይኼ ዘፈን አይደለም፣ አገሬ ነው» ትላለች። አልከራከራትም።

አሁን የማልወደውን ልናገር፤ ወዳጅ የሚያወራው ሁሉ ሙገሳ ከሆነ ወሬ አይደለም። የአዲስ አበባ ሬዲዮዎች ስለ እኛ ሲያወሩ ቁጥር ነን። «ይህን ያህል ዜጎች ተመለሱ»፣ «ይህን ያህል ስደተኞች ተያዙ»። ወይም ደግሞ መቀጣጫ ነን፤ ወጣቶች እንዳይሄዱ የምንታይ ምስክር። ሸገርም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም፣ ዜና ዜና ነው። ግን ያንን የጨዋታ እንግዳ ወንበር ሳስበው፣ ያቺን ያህል ሰዓት ሳትቸኩል የምትጠየቅ ሰው ሳስብ፣ የእኛዋ ሴት እዚያ ብትቀመጥ ምን ትል ነበር እላለሁ። ማን ተደፈረ፣ ማን ደመወዝ ተከለከለ የሚለው በቂ ተጠይቋል። የምትጠየቀው ሌላ ነገር ቢሆን። ዐረብኛ በስንት ወር ለመድሽ? መጀመሪያ የተማርሽው ቃል የቱ ነው? ከብሳ ስትሠሪ በርበሬ የምትደብቂው የት ነው?

በ2006 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የምሕረቱ ጊዜ አልቆ ጥቅምት 25 ቀን አሰሳው ተጀመረ። ጥቅምት 30 እና ኅዳር 1 ሪያድ መንፉሃ ላይ የሆነው ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር ተመለሰ። እኛ ጅዳ ላይ ያለነው ወሬውን የምንሰማው ከየት ነበር? ነቢዩ ሲራክ ከጅዳ ለዶይቸ ቬለ ከሚልካቸው ዘገባዎች ነበር፤ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቦን። እኛ ካለንበት ሁለት መንገድ ማዶ የሆነውን ነገር ጀርመን ዞሮ ነው የሰማነው። ከንደራ ድልድይ ሥር ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ተይዘው ወደ አገር ለመላክ ተሰልፈው የሚያድሩትን ሴቶች ያየች ታውቃለች፤ ያኔ ወሬ ማለት ሕይወት ነው። ዛሬ አሰሳ በየት በኩል ነው፣ ሹመይሲ ስንት ሰው አለ፣ አውሮፕላኑ መቼ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በግርግዳው በኩል ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ትደግምላት ነበር፤ ጎረቤቷ ባትሪ አልቆባት ነው። እኔ ይህንን ከሁሉ የበለጠ የሬዲዮ ታሪክ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ሁሉን ለወጠው። ኢሞ መጣ፤ ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪዎችን በ2017 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ስትለቅ ዋትሳፑም ተከተለ። ሸገርም በዩቲዩብና በቴሌግራም መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማዕበል ምድር ክብ ስለሆነች አያመልጥም። ያመለጠችን ያቺ በሰዓቷ የምትመጣ ነገር ናት። ድሮ ሬዲዮ በሰዓቱ ካልደረስሽበት አለፈ፤ አሁን ያለፈው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ለእኛ ይኼ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ ሰዓት በእጃችን አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለቤት ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት ቀንና በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት ይል ነበር፤ በየቤቱ ያለውን ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ሦስት ክፍል የጨዋታ እንግዳ ሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጆሮ ማዳመጫ ጋር፣ በአንድ ጊዜ የጨረሰች ሴት አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ነበራት።

ብዙዎቹ የድሮ ድምፆችም እየሄዱ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ባንድ ቀን ከሥራ እንዲቆዩ ሲደረግ የአማርኛውም ዝም አለ። ያን ማታ እናቴ ደውላ «ሬዲዮው ተበላሸ መሰለኝ» አለችኝ። አልተበላሸም እማዬ አልኳት፤ እንዴት እንደማስረዳት ግን ጠፋኝ።

በሌላ በኩል ያልጠበቅሁት ነገርም ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በሐጅ ወቅት፣ የአረፋ ኹጥባ በቀጥታ ወደ ሃያ ቋንቋዎች ሲተረጎም አማርኛ አንዱ ነበር። አስቡት፤ ይህ አገር ሬዲዮውን የጀመረው በአረፋ ቀን ለመንገደኛ በመናገር ነው፤ ከሰባ ዓመት በላይ አልፎ በዚያው ቀን መንገደኛዋን በቋንቋዋ አናገራት። የመካዋ እህታችን፣ የባቲዋ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች። አሠሪዎቿ ቴሌቪዥኑን በዐረብኛ ከፍተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እሷ ኩሽና ውስጥ በስልኳ በአማርኛ ታዳምጣለች። ሳሎኑ «አሚን» ሲል እሷ ገና አልደረሰችም፤ የኢንተርኔቱ ድምፅ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ «አሚን» የምትለው ሁልጊዜ ከሁሉም በኋላ ብቻዋን ነበር። ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

የስኑክን የሰም ጥቅሎች ነገር ካነበብኩ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። እነዚያ በየቤቱ የነበሩ የሐበሻ ሴቶች፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ ድምፃቸው የት ነው? ልጆቻቸው ዛሬ ሳዑዲዎች ናቸው፤ የአያታቸውን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አያውቁትም። እኛስ? የእኛ በየስልኩ አለ፤ ግን ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ተርሂል ላይ ይቀማል። ስለዚህ እኔም እንደ መዓዛ ልሁን አልኩ። ሥራ ያለቀ እንደሆነ ዓርብ ዓርብ፣ ቤኒ ማሊክ ሰፈር ከእኛ ቀድመው በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጡ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ስልኬን ቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ጅዳን ከቅርብም ከሩቅም የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሠርተዋል፣ ነግደዋል፣ የስንቱን አስከሬን አሸኝተዋል፣ የስንቷን ልጅ አዋልደዋል።

«እማማ፣ የት ነው የተወለዱት?» ብዬ ጀመርኩ።

ሳቁ። «ምን ሆነሻል፣ የማታውቂው ይመስል» አሉ። ከዚያ ጀመሩ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው የቀዳሁት። ልጅነታቸውን ጨርሰው፣ በጅቡቲ በኩል የመጡበትን ጀልባ ነገር ገና ሊጀምሩ ነበር። አባታቸው ላይ ብዙ ቆዩ፤ አባታቸው መጀመሪያ ሬዲዮ ወደ መንደሩ ያመጡ ሰው ነበሩ፤ ሰዉ ማታ ማታ ጊቢያቸው እየመጣ ይሰበሰብ ነበር፣ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሞቁታል። ማዳም ደወለች፤ ልጅዋ ታማ ነው፣ ቶሎ ነይ አለች። «ክፍል ሁለት የሚመጣው ዓርብ» አልኳቸው፤ እሳቸውም «እሺ መዓዛ» ብለው ቀለዱብኝ።

በሚመጣው ዓርብ አልተፈቀደልኝም። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ስሄድ በሩ ተዘግቷል። ኢቃማቸው አልታደሰም ነበርና ከልጃቸው ጋር ተነጋግረው መውጫ ጨርሰው በሦስት ቀን ሄደዋል፤ ረከቦቱን ለጎረቤት ሰጥተዋል። አሁን ገጠር ናቸው፣ ኔትወርክ አንዳንዴ ይገባል አንዳንዴ ይጠፋል። ባለፈው ወር አንዴ አግኝቼያቸው ነበር። ድምፃቸው ይቆራረጣል። «ጀልባው ላይ ነበርን» አልኳቸው። «የቱ ጀልባ?» አሉኝ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

አርባው ደቂቃ አለኝ። ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ አንዱን እህቴ ጋ ወልድያ ልኬዋለሁ።